ሩቅ ኢላማ ለመምታት የቱን እንምረጥ? ርቀት፣ ደጋን እና ፍላጻ ሲነጻጸሩ

ቀስት መለማመድ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ከኢላማው 10 ወይም 18 ሜትር ርቆ ነው። ልክ ነው፤ አቋቋም፣ አያያዝ፣ አለቃቀቅ የሚጠናው እዚያ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው እዚያው መቅረቱ ነው። ፍላጻዎቹ ኢላማው መሃል ያለው ቢጫ ላይ ማረፍ ሲለምዱ ነጥቡ ይቆማል፣ ልምምዱም ይሰለቻል። ያኔ ወደ ኋላ መራቅ ይሻላል። ርቆ መወርወር ደስ ይላል፤ ፍላጻው አየር ላይ ቆይቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲወርድ ታዩታላችሁ። ከደስታው በላይ ግን ቅርብ ሆናችሁ የማታዩትን ስህተት ያሳያችኋል።

"ሩቅ" ስንል ግን 50 ሜትርም ሩቅ ነው፣ 165 ሜትርም ሩቅ ነው። ለአንዱ የሚሆን ደጋን ለሌላው አይሆንም። ክለብ ውስጥ አዲስ ገቢዎች ደጋግመው የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፤ በየትኛው ደጋን፣ ከስንት ሜትር፣ በምን ዓይነት ፍላጻ? አንድ በአንድ እንያቸው።

በቅድሚያ፣ ርቀት ምን ይለውጣል?

ይህን ካልተረዳን የቀረው ምርጫ ሁሉ የግምት ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው።

የቀስተኛ ስህተት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የአቅጣጫ ስህተት ነው። ጣቶቻችሁ አውታሩን ሲለቁ ወደ ጎን ሳብ አደረጉት እንበል፤ ፍላጻው ከመስመሩ በትንሹ ይወጣል። ይህ ስህተት ከርቀቱ እኩል ያድጋል። 18 ሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ወደ ግራ የሄደ ፍላጻ 70 ሜትር ላይ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይስታል።

ሁለተኛው የፍጥነት ስህተት ነው፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነው። አንድ ፍላጻ ከሌላው ጥቂት ሚሊሜትር አጥሮ ከተሳበ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንድ ፍላጻ በሰከንድ 60 ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ለመካከለኛ ሪከርቭ ደጋን፣ በኦሎምፒክ ለምታዩት ዓይነት፣ የተለመደ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በ1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ 18 ሜትር ላይ ፍላጻው ከ1 ሴንቲሜትር ባነሰ ዝቅ ይላል። ማንም ልብ አይለውም። 70 ሜትር ላይ ግን ያው ስህተት 13 ሴንቲሜትር ያወርደዋል። ርቀቱ የጨመረው አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስህተቱ ግን 15 እጥፍ አድጓል። ምክንያቱም ፍላጻው አየር ላይ በቆየ ቁጥር የመሬት ስበት የሚያወርደው በጊዜው ካሬ ልክ ነው። የአየሩን ግጭት ብንጨምርበት ቁጥሩ ትንሽ ይለዋወጣል፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ቅርብ ኢላማ ግራና ቀኝ ስህተታችሁን በደንብ ያሳያል፤ ላይና ታች ስህተታችሁን ግን ይደብቃል። 18 ሜትር ላይ ሁሌ ቢጫውን የሚመታ ሰው 70 ሜትር ላይ ሲቆም ፍላጻዎቹ ከላይ እስከ ታች ተዘርግተው የሚያርፉት ለዚህ ነው። የደከመው አሁን ሆኖ አይደለም። ድሮም የነበረው ስህተት አሁን ታየ።

የቱ ርቀት?

30 ሜትር መሸጋገሪያ ነው። ከ18 ሜትር በቀጥታ ወደ 70 አይዘለልም። ጥቂት ሳምንት 30 ላይ፣ ከዚያ 40 ወይም 50 ላይ ቆሙ፣ በየርቀቱ የማነጣጠሪያውን ቁጥር ጻፉ፣ ቀጥሉ። በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

50 ሜትር የኮምፓውንድ፣ ማለትም ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን፣ የውድድር ርቀት ነው። ኢላማው 80 ሴንቲሜትር፣ የ10 ነጥቡ ቀለበት 8 ሴንቲሜትር ነው። ያለ ማነጣጠሪያ የሚወረወረው ቤርቦውም በሜዳ ውድድር 50 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ኢላማው ግን ትልቁ፣ 122 ሴንቲሜትሩ ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው 50 ሜትር ጥሩ ምርጫ ነው። ፍላጻ ለመልቀም የሚባክነው ጊዜ ያንሳል፣ ነፋሱም ብዙ አያስቸግርም። ሪከርቭ ለያዘ ሰው ግን ርቀቱ ትንሽ ምሕረት ያበዛል።

70 ሜትር የኦሎምፒክ ርቀት ነው። ቀስት ከረጅም ጊዜ መቋረጥ በኋላ በ1972 በሙኒክ ወደ ኦሎምፒክ ተመልሷል፤ ዛሬ በሪከርቭ ወንዱም ሴቱም የሚወረውረው ከ70 ሜትር ነው። ኢላማው 122 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ከ70 ሜትር ሲታይ ይህ ልክ አንድ ዲግሪ ነው። የ10 ነጥቡ ቀለበት ደግሞ 12.2 ሴንቲሜትር፣ ማለትም የዲግሪ አንድ አስረኛ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿን ጣታችሁን ብታቆሙ የጥፍሯ ስፋት ራሱ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ኢላማው በሙሉ ከጥፍሯ ኋላ ይደበቃል ማለት ነው።

እዚያ ርቀት ላይ ሰው የደረሰበትን ደግሞ እዩት። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የማጣሪያ ዙር ደቡብ ኮሪያዊቷ ሊም ሲ ህዮን በ72 ፍላጻ ከ720 ነጥብ 694 አምጥታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። በወንዶቹ ፍጻሜ ኪም ዉ ጂን እና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን እኩል ወጥተው አንድ አንድ ፍላጻ ወረወሩ። ሁለቱም 10 መቱ። ኪምን ባለ ወርቅ ያደረገው ፍላጻው በ4.9 ሚሊሜትር ለመሃሉ መቅረቡ ነው። ከ70 ሜትር!

ለትክክለኛነት አንድ ርቀት ብቻ ምረጥ ብባል 70ን እመርጣለሁ። የፍጥነት ስህተት ጎልቶ ይታያል፣ ፍላጻው ግን ኢላማው ላይ ስለሚያርፍ ስህተቱን ለክቶ መጻፍ ይቻላል።

90 ሜትር የድሮው ትልቅ ፈተና ነው። 144 ፍላጻ የሚወረወርበት የ1440 ዙር ዛሬም አለ፤ ወንዶች ከ90፣ 70፣ 50 እና 30፣ ሴቶች ከ70፣ 60፣ 50 እና 30 ሜትር ይወረውራሉ። እንግሊዞች ዮርክ የሚሉት ዙር ከ100 ያርድ ይጀምራል፣ ያም 91 ሜትር ነው። 90 ላይ መቆም የሚያምረው ደጋኑ በቂ ኃይል ካለው ብቻ ነው። ደካማ ደጋን ከሆነ ማነጣጠሪያው እየወረደ እየወረደ ፍላጻው ጋ ይደርሳል፤ ላባው ማነጣጠሪያውን እየነካ ይወጣል። ያኔ ርቀቱ ምንም አያስተምራችሁም።

ከዚያ በላይ ያለው ዓለም ሌላ ነው። ኮሪያውያን በባህላዊ ቀስታቸው ከ145 ሜትር ይወረውራሉ። ኢላማቸው 2 ሜትር በ2.66 ሜትር የሆነ ጋደም ያለ ሰሌዳ ነው። ቀለበት የለውም፤ የትም ይምታ የት፣ መታ ከተባለ መታ ነው። አንድ ዙር አምስት ፍላጻ ነው። ቡታናውያንም ርቀታቸው 145 ሜትር ገደማ ነው፤ የእነሱ ኢላማ ግን ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ጠባብ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሜዳው ግራና ቀኝ ኢላማ አለው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ወርውረው፣ ሄደው፣ ከዚያ ወደ መጡበት ይወረውራሉ። ኢላማው ሲመታ ቡድኑ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። ቀስት የአገሪቱ ብሔራዊ ስፖርት ነው።

በብዙ ክለቦች ሊሞከር የሚችለው ግን ክላውት የሚባለው ነው። ኢላማው መሬት ላይ የተተከለ ባንዲራ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ሪከርቭ ለያዙ ወንዶች 165፣ ለሴቶች 125 ሜትር ነው። በባንዲራው ዙሪያ 15 ሜትር ስፋት ያለው ክብ አለ፤ አምስት ቀለበት፣ ነጥቡ ከ5 እስከ 1። ፍላጻው ወደ ሰማይ ተወርውሮ ከላይ ይወርዳል። ፍላጻውን ለቅቃችሁ ዝም ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ! መሬት ሲነካ ከሩቅ "ጥፍ" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ለመዝናናት ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። ልጆችም አዛውንቶችም አብረው ይጫወቱታል፣ ጀማሪው አንዳንዴ አንጋፋውን ይበልጠዋል። ለትክክለኛነት ልምምድ ግን አይሆንም። ነፋሱና የመሬቱ ሁኔታ ከእናንተ ስህተት ጋር ተደባልቆ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ሌላ መንገድም አለ፤ በጫካና በዳገት የሚካሄደው የፊልድ ውድድር። 24 ኢላማ ነው፣ የአንዳንዶቹ ርቀት አይነገርም። በሪከርቭና በኮምፓውንድ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል። ርቀት በዓይን መገመት፣ ወደ ላይ እና ወደ ታች መወርወር የሚጠናው እዚህ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ቦታ መቆም የሚሰለቸው ሰው ይህን ይሞክር።

የቱ ደጋን?

ሪከርቭ። ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙት፣ በኦሎምፒክ የምታዩት ደጋን ነው። ማነጣጠሪያ፣ ስታቢላይዘር (ደጋኑን የሚያረጋጋ ዘንግ) እና ክሊከር ይገጠምለታል። ክሊከር ፍላጻው ላይ የምታርፍ ቀጭን ብረት ናት። ፍላጻው ልክ በተለካው መጠን ሲሳብ ከጫፉ ትንሸራተትና "ቀጭ" ትላለች፤ ያኔ ትለቃላችሁ። ከላይ የተናገርኩትን የፍጥነት ስህተት የምትይዘው ይህች ትንሽ ብረት ናት፤ ስድስቱም ፍላጻ እኩል እንዲሳብ ታስገድዳለች። የሪከርቭ ትልቁ ጥቅም ክንፎቹ፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ያሉት ተጣጣፊ ክፍሎች፣ መፈታታቸው ነው። ጉልበታችሁ ሲጨምር ክንፉን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ እጀታው ይቀራል። ጉዳቱ ደግሞ ሙሉ ክብደቱን ስባችሁ መያዛችሁ ነው። ትከሻ ሲደክም ፍላጻው ይወርዳል።

ኮምፓውንድ። ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን ነው። አሜሪካዊው ሆሊስ ዊልበር አለን በ1966 የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1969 አግኝቷል። መዘውሮቹ ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ክብደቱን ይቀንሱታል። ለመሳብ 60 ፓውንድ ኃይል የሚጠይቅ ደጋን 75 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ ስባችሁ የምትይዙት 15 ፓውንድ ብቻ ነው። ማነጣጠሪያው የሚያጎላ መስታወት አለው፤ የሚለቀቀውም በጣት ሳይሆን በመልቀቂያ መሣሪያ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 85 ሜትር አካባቢ ሲሆን ያ የ1 በመቶ ስህተት 70 ሜትር ላይ ከ13 ሴንቲሜትር ወደ 7 ያህል ይወርዳል።

ሩቅ ቦታ ላይ ቶሎ መምታት ለሚፈልግ ኮምፓውንድ ይሻላል። በጥቂት ወራት 50 ሜትር ላይ የሚያረካ ውጤት ይመጣል። ስህተትን ስለሚሸፍን "አያስተምርም" የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ስህተቱን ከጣት ወደ ሐሳብ ያሻግረዋል። መሣሪያው ሲያግዛችሁ የቀረው የእጅ መረጋጋትና የመልቀቂያውን ቁልፍ ሳይደነግጡ መጫን ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ጉዳቱ ዋጋው፣ ክብደቱ እና ለጥገና ልዩ ማሽን መፈለጉ ነው። አውታሩን ለመቀየር ሱቅ መሄድ ግድ ይሆናል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ኮምፓውንድ በድብልቅ ጥንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚገባ ፍላጎቱ እየጨመረ መሄዱ አይቀርም። ቡታን ውስጥ እንኳ ከቀርከሃው ደጋን ጎን ለጎን ኮምፓውንድ በሰፊው ይዘዋል።

ቤርቦው። ሪከርቭ ነው፣ ግን ማነጣጠሪያም፣ ክሊከርም፣ ረጅም ስታቢላይዘርም የለውም። የምታነጣጥሩት በፍላጻው ጫፍ ነው። ለእያንዳንዱ ደጋን የፍላጻው ጫፍ ኢላማው መሃል ላይ ሲቀመጥ ልክ መሃሉን የሚመታበት አንድ ርቀት አለ። ከዚያ ስትቀርቡ አውታሩን ዝቅ ብላችሁ ትይዛላችሁ። ከዚያ ስትርቁ ግን ጫፉን ከኢላማው በላይ አየር ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ የምታዩት ሰማይ ወይም ዛፍ ይሆናል። ስለዚህ ቤርቦው ከዚያ ርቀት በላይ ለትክክለኛነት ይከብዳል። እስከ 50 ሜትር ግን የሚሰጠው እርካታ ልዩ ነው፤ መሣሪያ የለ፣ ሰበብ የለ።

ሎንግቦው (ረጅሙ የእንጨት ደጋን) እና ሌሎች ባህላዊ ደጋኖች ለክላውት ተፈጥረዋል ማለት ይቻላል። በእንጨት ፍላጻ 70 ሜትር ላይ ቢጫ መፈለግ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ ለደስታው ያዙት።

ምርጫዬን በአጭሩ ላስቀምጥ። በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚለማመድ ሰው ሪከርቭ ይያዝ፣ ግቡንም 70 ያድርግ። በወር አንድ ሁለቴ ብቻ ሜዳ የሚመጣ፣ ወይም ትከሻው የማይመቸው ሰው ኮምፓውንድ ይያዝ፤ ሪከርቭ በዚያ መጠን ተለማምዶ ሩቅ ላይ አያስደስትም። መሣሪያ ማስተካከል የማይወድ ሰው ቤርቦው ይያዝና 30 እና 50 ሜትር ላይ ይቆይ።

ስንት ፓውንድ?

በዚህ ጉዳይ ሰው ራሱን ይጎዳል። አዋቂ ጀማሪ በሪከርቭ ከ18 እስከ 24 ፓውንድ ቢጀምር ይበቃዋል። በዚህ ኃይል 30 ሜትር ይመታል፤ ቀላል ፍላጻ ከያዘ 50ም ይደርሳል። 70ን በምቾት ለመወርወር ግን 34 ፓውንድ አካባቢ ያስፈልጋል። በዓለም ደረጃ ያሉ ሴቶች 40፣ ወንዶች 46 እና ከዚያ በላይ ይስባሉ፤ እነሱ ግን ዓመታት ሠርተውበታል።

ቶሎ 70 ለመድረስ ብሎ 38 ፓውንድ ክንፍ የሚገዛ ሰው በየክለቡ አለ። ደጋኑን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ጥሎ ይስባል፤ ክሊከሯ "ቀጭ" ሳትል እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ፓውንድ ሁለት ፓውንድ እየጨመሩ መሄድ ይሻላል። መፈተኛው ይህ ነው። ስባችሁ፣ አገጫችሁ ስር አስቀምጣችሁ፣ እስከ 15 ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። ሳትንቀጠቀጡ ከያዛችሁት ክብደቱ የእናንተ ነው። ካልሆነ ክብደቱንም ርቀቱንም ቀንሱ።

ፍላጻውስ?

እውነት ለመናገር፣ ገንዘብ ከጎደለ ከደጋኑ ቀንሳችሁ ፍላጻው ላይ ጨምሩ። ሩቅ ቦታ ላይ እኩል ያልሆኑ ፍላጻዎች ምንም ዓይነት ደጋን አያስተካክላቸውም።

የአሉሚኒየም ፍላጻ ርካሽ ነው፣ ክብደቱም እርስ በርስ በጣም ይቀራረባል። ግን ከባድ ነው፤ ሲመታ ይጎብጣል። ለ18 እና ለ30 ሜትር ግሩም ነው። የካርቦን ፍላጻ ቀላል፣ ቀጭን እና ፈጣን ስለሆነ ከ50 ሜትር በላይ ያለ ጥርጥር እሱን ውሰዱ። ቀጭን ዘንግ ነፋስ የሚገፋው ጎን ያንሰዋል። በጣም ውድ የሆኑት ቀጫጭኖቹ መሃላቸው ወፈር፣ ጫፎቻቸው ሾጠጥ ያሉ ናቸው፤ 70 ላይ ስድስቱንም ቢጫው አካባቢ ማሳረፍ እስክትጀምሩ ድረስ አያስፈልጓችሁም።

ከዋጋው በላይ የሚያስጨንቀው የዘንጉ ግትርነት ነው። ፍላጻ ሲለቀቅ እንደ ዓሣ ይጥመለመላል። ለደጋናችሁ ኃይል ከመጠን በላይ ግትር ወይም ልል ከሆነ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ፓውንዳችሁንና የፍላጻችሁን ርዝመት ለሻጩ ንገሩ፤ ሰንጠረዥ አለው። ክንፍ ስትቀይሩ ፍላጻውም መቀየር እንዳለበት አትርሱ፤ በጀት ስታወጡ ሁለቱን አብራችሁ አስሉ።

ላባን በተመለከተ፣ የተፈጥሮ ላባ ትልቅ ስለሆነ ፍላጻውን ቶሎ ያረጋጋል፣ ግን ፍጥነት ይበላል፣ ዝናብም አይወድም። ለአዳራሽ ይሁን። ለሜዳ ትንንሽ የፕላስቲክ ላባ፣ ወይም ሪከርቭ ከያዛችሁ ጠምዘዝ ያለው ስስ ላባ ይሻላል።

እንዴት እንለማመድ?

ሁለት ዓይነት ልምምድ አለ፤ ነጥብ መቁጠር እና ቦታ መመዝገብ። ነጥብ መቁጠር ያጓጓል፣ ግን ብዙ አይነግራችሁም። 8 ነጥብ ከላይም 8 ነው፣ ከግራም 8 ነው። ስለዚህ ከሁለት ልምምድ ቢያንስ በአንዱ ነጥብ አትቁጠሩ። በየፍላጻው ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ጻፉ። ወረቀት ላይ የኢላማውን ክብ ሳሉ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የት እንዳረፈ ነጥብ አድርጉ። አምስት ስድስት ጊዜ ከወረወራችሁ በኋላ ወረቀቱን እዩት።

ነጥቦቹ ከላይ ወደ ታች ተዘርግተው በወርድ ግን ጠባብ ከሆኑ አሳሳባችሁ እኩል አይደለም፤ ወይም ደጋን የያዘው ክንዳችሁ ሲለቀቅ ይወድቃል። በወርድ የተበተኑ ከሆኑ አለቃቀቃችሁን ወይም ነፋሱን ተመልከቱ። ቁጥር 4 ብቻ ሁልጊዜ ከታች ግራ ካረፈ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ላባው ተላጦ፣ ወይም አውታሩ ላይ የሚሰካው ኖክ ተሰንጥቆ ይሆናል። ይህን 18 ሜትር ላይ በፍጹም አታገኙትም።

ቅርቡን ግን ጨርሳችሁ አትተዉ። ሩቁ በሽታውን ያሳያል፤ ሕክምናው የሚሰጠው 5 ሜትር ላይ፣ የኢላማ ወረቀት በሌለበት ባዶ ማቆሚያ ፊት ነው። እዚያ ነጥብ ስለሌለ ልብ ሁሉ አለቃቀቁ ላይ ይሆናል። አንድ ቀን ሩቅ፣ አንድ ቀን ቅርብ ማድረግ ሁለቱን ቀን ሩቅ ከመቆም ይበልጣል።

ስለ ነፋስም ምርጫ አለ። እስኪያልፍ መጠበቅ ይቻላል፣ ወይም ወደ ነፋሱ ጠጋ አድርጎ ማነጣጠር ይቻላል። 50 ላይ መጠበቅ ይሠራል። 70 ላይ ግን ጠጋ አድርጎ ማነጣጠርን መልመድ አለባችሁ። ነፋስ ያለበትን ቀን እየዘለሉ ጎበዝ የሆነ የሜዳ ቀስተኛ የለም።

ሜዳው፣ እግራችሁ እና ሰው

70 ሜትር ላይ 72 ፍላጻ በስድስት በስድስት ስትወረውሩ 12 ጊዜ ደርሶ መልስ ነው፣ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ። ክላውት ላይ 36 ፍላጻ ብቻ ሆኖ 2 ኪሎ ሜትር ያስኬዳችኋል። ጫማችሁን አስቡበት።

ኢላማውን የሳተ ፍላጻ ሳር ስር ተንሸራቶ ይገባል፤ ከላይ የሚታየው የኖኩ ቀለም ብቻ ነው፣ እሱም ካልተቀበረ። ደማቅ ኖክና ላባ ምረጡ፤ አረንጓዴ አትግዙ። ስትፈልጉ እግራችሁን ሳታነሱ መሬቱን እየጠረጋችሁ ሂዱ፤ የተኛ ፍላጻ ላይ መርገጥ ካርቦኑን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ካርቦን ሲለቀቅ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር የነካን ፍላጻ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አጉብጡት፣ ጆሯችሁ አጠገብ አዳምጡት። ከተንጫጫ ስበሩትና ጣሉት።

ከኢላማ ስትነቅሉ አንድ እጃችሁን ፍላጻው ዙሪያ ወረቀቱ ላይ አስደግፉ፣ በሌላው እያዞራችሁ ሳቡ። ከኋላችሁ ሰው አይቁም፤ ፍላጻው ድንገት ሲወጣ ኖኩ ዓይን ላይ ይደርሳል።

ርቀት ሲጨምር ደኅንነቱ ይከብዳል። 40 ፓውንድ ሪከርቭ ከፍ ብሎ ቢለቀቅ ፍላጻው ከ200 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሰፈር ሜዳ ላይ፣ የእርሻ ዳር ላይ "ሰው የለም" ብሎ ሩቅ መወርወር አይሆንም። ክለብ ባለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ክለብ ግቡ። ክለቦች ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ደጋን ያከራያሉ፤ ይህም ሪከርቭና ኮምፓውንዱን በእጃችሁ ሞክራችሁ እንድትመርጡ ዕድል ይሰጣችኋል። ክንፍ እስከ 30 ፓውንድ ድረስ ተከራዩ፣ ከዚያ በኋላ ግዙ። እጀታውን፣ ማነጣጠሪያውን እና የጣት መሸፈኛውን ግን ከጅምሩ የራሳችሁ አድርጉ።

ደጋናችሁን ይዛችሁ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ደጋ አገር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የማነጣጠሪያ ቁጥራችሁ እንደሚለወጥ እወቁ። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ገደማ ሳሳ ያለ ነው፤ ፍላጻውን የሚይዘው ኃይል ስለሚቀንስ 70 ሜትር ላይ ከፍ ብሎ ያርፋል። የድሮውን ቁጥር ሳትሰርዙ ከጎኑ አዲሱን ጻፉ፤ መጀመሪያ 30 ሜትር ላይ አረጋግጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ራቁ።